ሁለት ፊደል ያለው ደሜ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ኤቢ ፖዘቲቭ! ኤቢ ነኝ! ሁለት ፊደል! ሌላው ሰው አንዲት ፊደል ይዞ ይኖራል፤ እኔ ግን ኤም አለኝ፣ ቢም አለኝ፣ በዚያ ላይ የመደመር ምልክት ተጨምሮልኛል። ውይ፣ ሰላምታውን ረሳሁት። እንደምን አመሸሽ ደብተሬ። ከሸሕዲ ወደ መተማ ገና መግባቴ ነው፤ ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም። ቤት ውስጥ የምነግረው ሰው ስለሌለ ላንቺ ልንገርሽ።

ልጄ ሰናይት የመጀመሪያዋን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ሸሕዲ ነው የምትኖረው። ባሏ ጌታሁን ትራክተር ነጂ ነው፤ ይኸው አዝመራው ይዞት አብደራፊ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ አያትና እንግዴ ልጁ ከበታች ተቀምጦ የሕፃኑን መውጫ ዘግቷል አለ። በምጥ አትወልድም፣ ጎንደር ሄዳ በቀዶ ጥገና ነው የምትወልደው፤ ደም ሊፈሳት ስለሚችል የሚሆናት ደም አስቀድሞ ይዘጋጅ አለ። የእሷ ደም ደግሞ ኦ ኔጌቲቭ ነው። እሱ ዓይነት ብዙ ሰው ላይ አይገኝም፣ ደም ባንክም የሚጠፋበት ጊዜ አለ አሉ። «እስቲ ዘመድ ይመርመር» አለ ሐኪሙ።

ዘመዷ ማን ነው? እኔ ነኛ! እናቷ!

ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ላቦራቶሪ ያለችው ሐያት የምትባል ልጅ ናት፤ የመተማ ልጅ ናት፣ እናቷን አውቃታለሁ። ጣቴን ወጋችኝ። መስተዋት ላይ ሦስት ቦታ ጠብ ጠብ አደረገችና በአንዱ ላይ ሰማያዊ ነገር፣ በአንዱ ላይ ቢጫ፣ በሦስተኛው ላይ እንደ ውሃ የጠራ ነገር ጨመረች። አማስላ መስተዋቱን ስታወዛውዘው ሦስቱም ጠብታ እንደ እርጎ ቋጠረ! የሰናይት ጊዜ ሦስቱም እንዳለ ቀረ፣ አንዱም አልረጋም ብላኛለች። የእኔ ሁሉም! እኔማ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

ሐያት ግን ወረቀቱን አንዴ አየችው፣ ደገመችና አየችው። «እናቷ ነዎት አይደል?» አለችኝ። «ታዲያስ!» አልኳት። «አንድ ነገር ላጣራና ነገ እደውላለሁ» አለች። ሰው በዝቶባት ነው።

የአራስ ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ግድግዳውን ኖራ ቀብቼዋለሁ፣ አጎበሩ አዲስ ነው፣ የገንፎው ዱቄት ተፈጭቷል። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚታረሰው። ከሐኪም ቤት ወጥታ እዚህ ትመጣለች፣ እዚህ ትተኛለች፣ ይሄ ቤት ድምፅ ይሰማበታል። ከተዳረች ወዲህ እኮ የሚሰማው የስፌት መኪናዬ ብቻ ነው። እሷም ደክማለች፣ ዘይት አጠጣኋት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጠዋት ወሬውን ለሰፈሩ በሙሉ አዳርሻለሁ። ከፊት ለፊቴ ሱቅ ያላቸው ሐጂ እድሪስ ጆንያ ሊያሰፉ መጡ። ነገርኳቸው።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ሰው በደሙ ይኩራራል እንዴ?» አሉኝ።

«ሁለት ፊደል ነው ያልኩዎት ሐጂ።»

«እኔ ሁለት ሚስት አለኝ፣ ተኩራርቼ አውቃለሁ?»

እስክንንፈራፈር ሳቅን። ድሮ ድንበሩ ሲደምቅ በረንዳዬ ላይ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከጠዋት እስከ ማታ ነበር። አሁን ከወዲያ ማዶ የሚመጣው ሰው ቀንሶ፣ ከሐጂ ሌላ ቆሞ የሚያወራኝ የለም።

ከሰዓት ሐያት ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቅዟል።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ የሰናይትን ደም እንደገና ልመረምር ነው። አንዱ ውጤት ሳይሳሳት አይቀርም። ኤቢ የሆነች እናት ኦ ልጅ አትወልድም። እስኪጣራ ድረስ ወደ ጎንደር የሚጻፍላት ወረቀት ይቆያል።»

እሺ አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። መርፌው ጆንያው ላይ እንደተሰካ ቀረ።

ውጤቱ አልተሳሳተም። ስህተቱ ከእኔ አፍ ነው የወጣው። «እናቷ ነዎት?» ስትለኝ ምን ልበላት ኖሯል? ይሄን ሁሉ ዓመት ሌላ ብዬ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሄጄ ነገርኳት። በሩን ዝጊው አልኳትና ነገርኳት።

ሰናይት የጡት ልጄ ናት። የወለደቻት ብርቄ ትባላለች፣ የወገራ ሴት ናት። በወጣትነታችን እዚህ ቆላ ሰሊጥ አብረን አርመናል፣ በአንድ ጎጆ አብረን ኖረናል። እሷ በልጅ ላይ ልጅ ወለደች፤ እኔ አልወለድኩም። ባሌም በዚሁ ምክንያት ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ እንደገባ ቀረ። ብርቄ ወደ ደጋ ልትመለስ ስትል ሽማግሌ ተሰበሰበና ሰናይትን ሰጠችኝ። ገና ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ግን ጡት ከጣለች ቆይታ ነበር። አውራ ጣቴ ማር ተቀባ፣ ሰናይት በሽማግሌዎቹ ፊት ጠባችው። ወተት ባይኖረኝም ማሩ እንደ ጡት ተቆጠረ። «ከእንግዲህ ሥጋችሁ አንድ፣ ደማችሁ አንድ ነው» ብለው መረቁን። ይሄን የድሮ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሰናይትም ታውቃለች፣ ጌታሁንም ያውቃል። እኔ ግን እውነቴን ነው የምልሽ ደብተሬ፣ ደማችሁ አንድ ነው ሲሉኝ አምኜ ተቀበልኩ። አሥረኛ ክፍል የደረስኩ ሴት፣ ባዮሎጂ የተማርኩ ሴት!

ሐያት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። ልጅ ከእናት አንድ ከአባት አንድ ይወርሳል። እኔ ብወልድ ኖሮ ለልጄ ወይ ኤን ወይ ቢን አወርስ ነበር፣ ባዶ እጁን አልሰደውም። ኦ የሆነ ልጅ ግን ኤም ቢም የለውም።

«እሱ ይሁን፤ መስጠቱስ?» አልኳት። «ሁለቱም አለኝ አይደል፣ የጎደላትን መርጣ ትውሰድ!»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች። «እትዬ፣ ተገላቢጦሽ ነው። እርስዎ ከሁሉም መቀበል ይችላሉ። መስጠት የሚችሉት ግን ለኤቢ ብቻ ነው።»

አልገባኝም። በኋላ በራሴ ሥራ አሰብኩትና ገባኝ። እኔ የምሰፋው ጆንያ ላይ እያንዳንዱ ነጋዴ ምልክቱን ያትምበታል። የመጋዘኑ ጥበቃ የማያውቀው ምልክት ያለበትን ጆንያ አያስገባም፣ ይጣላል። የሰው ገላም ጥበቃ አለው። የእኔ ደም ሁለት ምልክት የታተመበት ጆንያ ነው። ፖዘቲቭ የሚባለውም ሌላ ማኅተም ነው። የሰናይት ደም ምንም አልታተመበትም። ምንም ያልታተመበት ጆንያ የትም ይገባል፤ እሷ ጋ የሚገባው ግን እንደ ራሷ ያልታተመበት ብቻ ነው። የእኔ ቢገባ ጥበቃዋ ይነሣበታል፣ ይገድላታልም።

የኮራሁበት ፊደል!

«ማሩስ?» አልኳት፣ እንዲያው አፌ ላይ መጣብኝ።

«ማሩ በላቦራቶሪ አይታይም እትዬ» አለችኝ፣ እጄን ይዛ።

ወረቀቱ ተጻፈ። ሐኪሙም መጣና አንድ ነገር ተናገረ፤ ከአንድ ማኅፀን የወጡት ላይ ቶሎ ይገኛልና እነሱን ፈልጉ አለ። ወንድሞቿን፣ የወለደቻትን።

ብርቄን ማለት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስዞረው ዋልኩ። ብርቄን በዓል ሲሆን እንኳን አደረሰሽ እላታለሁ፣ ትለኛለች፤ ከዚያ ያለፈ የለንም። ክፉ ሴት አይደለችም። እኔ ነኝ የፈራሁት።

ምን ፈራሽ በይኝ። ደሟ ከተገኘ፣ ሰናይት ጎንደር ከወለደች፣ ወገራ ቅርብ ነው፣ መተማ ሩቅ ነው። ሆዱን የተሰፋ ሰው በዚህ መንገድ ማን ያወርደዋል? አራስ ቤቱ እዚያ ይሆናል። ገንፎውን ብርቄ ታገነፋለች። የልጁን የመጀመሪያ ገላ ብርቄ ታጥባለች። ሰናይት ሁልጊዜም እኔን «እማ» ነው የምትለኝ፣ እሷን «እታለም»። አንድ ክፍል ውስጥ ያን ያህል ጊዜ አብረው ሲከርሙስ? ኖራ የተቀባው ክፍል እዚህ ባዶውን ይሸተኛል።

ደግሞ አፍሬ ራሴን ተቆጣሁ። ልጅቱ ደም ያስፈልጋታል፤ አንቺ ስለ ገንፎ ታስቢያለሽ?

ደወልኩ።

«ጥሩዬ! ምነው በደህና ነው? ሚካኤል ላይ ደውለሽ አታውቂም!» አለች። ነገርኳት። ጮኸች። «ደም ነው? ደም ብቻ ነው? እኔ ደግሞ ሞተች ልትይኝ መስሎኝ! ልጆቹን እየነዳሁ ነገ ጤና ጣቢያ እወስዳለሁ። መርፌ እፈራለሁ ያለ እራቱን ሌላ ቤት ይፈልግ!»

ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋው ግን አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ዛሬ አልጽፍም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ኔትወርክ የለም። ትናንትም አልነበረም። ቅበላው ነው፤ ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ሰው ሁሉ ከቤተ ሰቡ ጋር ይበላል። እኔ ዶሮ ለማን ልሥራ? ሽሮዬን በቅቤ ሠርቼ በላሁ። አንዱን ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ ባዶው ወንበር ዘረጋሁና በራሴ ሳቅኩ። ደግነቱ ያየኝ የለም።

ሐጂ እድሪስ ለሰናይት ብለው ቴምር ይዘውልኝ መጡ። ስለ ደሙ እስካሁን ወሬ አለመምጣቱን ስነግራቸው «ማሊሽ፣ አይዞሽ፣ አላህ ያውቃል» ብለው ብዙ ቆሙ። ብቻዬን እንዳልሆን ነው የቆሙት። አውቆባቸዋል ልቤ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ተገኘ! ተገኘ! ደሙ ተገኘ!

ብርቄ ራሷ ናት! ወንዶቹ ሦስቱም ተመርምረው አንዳቸውም አልሆኑም። ትልቁ ሞላ፣ ያ በሬ የሚጥል የሚባለው፣ መርፌዋን ሲያይ ወድቆ ውሃ ረጩበት አሉ። ብርቄ ይህን በስልክ እየነገረችኝ ስትስቅ ትንፋሽ አጠራት። ከዚያ ባለሙያው «እስቲ እርስዎም ይምጡ እናቴ» ብሎ ወጋት። ኦ ኔጌቲቭ። መስተዋቱ ላይ ምንም አልረጋም። እስከ ዛሬ ሳታውቀው ኖራ!

«እኔ እንኳ ለዚህ በቃሁ» አለችኝ፣ ድምፅዋ ሰልሎ። «ሰጥቻት ሄጄ ምንም አድርጌላት አላውቅም ጥሩዬ።»

እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነበር የታመምኩት፤ ሁሉን አድርጌላት ይህቺን አንዷን ማጣቴ። አልነገርኳትም። «እግዜር ይስጥሽ» ነው ያልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ልቤ ግን ሁለት ቦታ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ጎንደር ነን። መንገዱ ሰላም ዋለ፣ ተመስገን። ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር የሰናይትን ሆድ በሁለት እጄ እየደገፍኩ «ቀስ በል አንተ ልጅ!» ስል ሾፌሩ መረረው። «እማማ፣ ጉድጓዱን እኔ ነኝ እንዴ የቆፈርኩት?» አለኝ። ሰናይት ሳቀች። ከሳቀች ይበቃኛል።

ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ ጀመረ። የቆላ ሰው ነኝ፣ ተንቀጠቀጥኩ።

ብርቄ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ጠጉሯ ሸብቷል። ሰናይትን ስታይ አልሮጠችም፣ አልጮኸችም፤ መጀመሪያ እኔን ነው የሳመችው። ጎን ለጎን ሲራመዱ ከኋላቸው ዕቃ ይዤ ሄድኩ። አረማመዳቸው አንድ ነው። ሁለቱም ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ወደ ውጭ ያወጣሉ። እኔ ያንን አረማመድ ሰናይት በልጅነቷ በጫማ ጥበት ያመጣችው መስሎኝ ምን ያህል ጊዜ ተቆጥቻታለሁ!

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ደም ባንክ ዋልን። ነርሷ ብርቄን «ምግብ በልተሻል?» አለቻት። «ጾም ነው» አለች። «ሳትበዪ አልቀዳሽም።» «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አልበላም!» ተፋጠጡ። በመጨረሻ ለነፍስ አባቷ ተደወለ። እሳቸውም የጾሙን ምግብ አሁኑኑ ብዪ፣ ሰዓቱን ለእኔ ተዪው አሏት። ምስር ወጥ በላች፤ እየተነጫነጨች።

ደሙ ይመረመራል፣ ከዚያ ለሰናይት ይያዛል አሉን። ሌላም አንድ ተመሳሳይ ከባህር ዳር እየመጣ ነው። ሰናይትን የሚያያት ሐኪም ደግሞ አንድ መርፌ እንዳለ ነገረን። ሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነ የእናቱ ጥበቃ ያንን ማኅተም እንዳይለምድና የሚቀጥለውን ልጅ እንዳይዋጋ፣ ከወለደች በኋላ ቶሎ ትወጋለች። ቆላ ሆነን ቢሆን ይሄን ማን ይነግረን ነበር?

ብርቄ ደሟን ሰጥታ ከአልጋው ስትነሣ አዞራት። ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ከመተማ ይዤ የመጣሁት የተቆላ ሰሊጥ በማር አለ፤ ለሰናይት ብዬ ነበር ያዘጋጀሁት። ማንኪያውን መያዝ አቃታት። እኔ በጣቴ እየጨለፍኩ አጎረስኳት። አንዴ፣ ሁለቴ። ማሩ አውራ ጣቴ ላይ ቀረ፣ እሱንም ላሰችው።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔንም የጡት ልጅ ልታደርጊኝ ነው?»

ሳቅ ገደለን! ነርሷ ወጥታ እስክትቆጣን ሳቅን። ሰሊጥ ስናርም ከሳቅነው ወዲህ እንዲያ አልሳቅንም። ከዚያ ብርቄ እጄን ያዘች። እኔም አጥብቄ ያዝኳት።

ከመውጣታችን በፊት ነርሷን «የእኔስ ደም ለምንም አይሆንም?» አልኳት። «ለምን አይሆንም እናቴ? ኤቢ የሚፈልግ በሽተኛም አለ» አለች። ሰጠሁ። አላዞረኝም። ለማን እንደሚሄድ አላውቅም። የሆነ ቦታ አንድ የማላውቀው ኤቢ ሰው አለ፤ ምናልባት እሱም ቤቱ ጸጥ ያለ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ወንድ! ወንድ ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው! ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን!

ጠዋት ወደ ቀዶ ጥገናው አስገቧት። እኔና ብርቄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ጌታሁን ከአብደራፊ ትናንት ደርሶ ነበር፤ ፋርማሲ ተልኮ አጠገባችን አልነበረም። ደም ፈሷታል፣ የተያዘላት ይምጣ ብለው ሲሯሯጡ አየን። ብርቄ የተወጋችበትን ክንዷን ይዛ ታሻዋለች፤ ውስጡ እንዳለቀ ዕቃ። እኔ ምንም የማሸው የለኝም፣ ነጠላዬን ጠመዘዝኩት።

ከዚያ ነርሷ ብቅ አለች። «የሰናይት እናት!»

ማንም አልተነሣም። እኔ ብርቄን አየኋት፤ ብርቄ እኔን አየችኝ። ነርሷ ደግማ ተጣራች። «እናቷ የለችም?»

ብርቄ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ተነሽ እንጂ! እኔ ደም ሰጠሁ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የደከመሽ?»

ተነሣሁ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አደረጉልኝ። ቀይ፣ የተቆጣ ፊት። ሰናይት ደም ተሰጥቷት መፍሰሱ ቆሟል፣ ትነቃለች አሉ። ነቃችም። «እማ፣ በረደኝ» አለችኝ። ነጠላዬን አለበስኳት።

የልጁ ደም ተመርምሮ ኤ ፖዘቲቭ ሆነ! መርፌውንም ሰናይት ተወጋች። ወዲያው ለሐያት ደወልኩላት። «ከሁለቱ ፊደሌ አንዷን ይዞ፣ መደመሩንም ጨምሮ መጣ!» አልኳት። «እትዬ፣ ከአባቱ ነው እኮ» አለች እየሳቀች። ይሁን ከአባቱ። አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ደግሞ አንድ ነገር አውቄያለሁ፤ እኔ ለእሱ መስጠት አልችልም፣ እሱ ግን አድጎ ለእኔ መስጠት ይችላል።

የፈራሁትም አልቀረ፤ ሐኪሙ ቅርብ ሁኑ ብሏል፣ አራስ ቤቱ ወገራ ነው። ብርቄ ስትነግረኝ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ነው። «አንቺም አብረሽ ትመጫለሽ፤ የገንፎ እጄ እንደ አንቺ አይደለም። ክርስትናው ግን ቆላ ይሁን፣ አንቺ ቤት። ወርጄ ያደገችበትን ልየው።» ሰናይትን ጥዬልሽ ከወጣሁ ወዲህ ቆላን ረግጫት አላውቅም አለችኝ። ከዚያ በኋላስ ሰናይት ማንን ምን ብላ ትጠራ ይሆን? እንጃ። የዛሬው «እማ በረደኝ» እጄ ላይ አለ።

ለሐጂ እድሪስ ደውዬ በረንዳዬን አስጠርጉልኝ ብያለሁ፤ ለእስላሙ በግ በእስላም እጅ ይታረዳል፣ ለክርስቲያኑ በሬ አለ። ሐያት ትመጣለች፣ ጆንያ ያሰፋ ሁሉ ይመጣል፣ ሞላም መርፌ የለም ተብሎ ይመጣል። የተጣላኝም ካለ ይምጣ።

ክርስትናው እሑድ፣ ጥር 3። መተማ፣ እኔ ቤት፣ በረንዳው አጠገብ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር። ማንም እንዳይቀር!